ስለ 4,294,967,297፤ የአንድ ታላቅ ቁጥር ጠባይና የተሳሳተበት ሊቅ ነገር

ቁጥር ሁሉ የየራሱ ጠባይ አለው። አንዱ ለብዙ አካፋይ እሺ ይላል፤ ሌላው ከ1ና ከራሱ በቀር ማንንም አይቀበልም። የትንንሾቹን ቁጥሮች ጠባይ ሕፃናት በጣታቸው ቆጥረው፥ ጠጠር ደርድረው ያውቁታል። የታላላቆቹ ግን ስውር ስለ ሆነ፥ ስማቸው በዓለም የተሰማ ሊቃውንት ሳይቀሩ ተሳስተውበታል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው 4,294,967,297 የተባለውን ቁጥር ነው። ይህ ቁጥር 92 ዓመት ሙሉ ያልሆነውን ነው ተብሎ ሲታመን ኖሮ፥ በመጨረሻ አንድ የ25 ዓመት ወጣት እውነተኛ ጠባዩን ገለጠው። ወጣቱ ያደረገውን ምርመራ ማባዛትና ማካፈል የሚያውቅ ሁሉ ሊደግመው ይችላል። ስለዚህ መምህራን ጠመኔ ይዘው፥ ሽማግሌዎችም ብርዕና ወረቀት አቅርበው ቢያነቡት መልካም ነው።

ቁጥሩ የሚወለደው ከእጥፍ ነው። አንዲት ቅንጣት ጤፍ አስቀምጡ። እርስዋን እጥፍ ብታደርጉ 2፥ ሁለቱን እጥፍ ብታደርጉ 4፥ ከዚያም 8፥ 16፥ 32 እያለ ይሄዳል። በ10ኛው እጥፍ 1,024 ይሆናል፤ በ20ኛው 1,048,576፤ በ30ኛው 1,073,741,824። በ32ኛው እጥፍ 4,294,967,296 ይደርሳል። በዚህ ላይ አንዲት ቅንጣት ጨምሩበት፤ የምንናገርለት ቁጥር እርሱ ነው። ሺህ ቅንጣት ጤፍ 0.3 ግራም ያህል ይመዝናል ብንል፥ ይህ ሁሉ ጤፍ ወደ 13 ኩንታል ይጠጋል። ከአንዲት ቅንጣት ተነሥቶ በ32 እርምጃ 13 ኩንታል መድረሱን ልጆቹ አናምንም ቢሉ አትገሥጹአቸው፤ እጥፉን ራሳቸው በደብተራቸው እንዲሠሩት አድርጉ።

የቁጥሩን ታላቅነት በሌላ መንገድ ለማየትም ይቻላል። አንድ ሰው በየሴኮንዱ አንድ ቁጥር እየጠራ፥ ሌሊትና ቀን ሳያርፍ ከ1 ጀምሮ ቢቆጥር፥ ከዚህ ቁጥር የሚደርሰው በ49,710 ቀን ከ6 ሰዓት ከ28 ደቂቃ ከ17 ሴኮንድ ነው። ይህም ከ136 ዓመት በላይ ስለ ሆነ፥ አባት የጀመረውን ቆጠራ የልጅ ልጁ ይፈጽመው እንደ ሆነ ነው እንጂ አንድ ሰው በዕድሜው አይጨርሰውም።

በግዕዝ አኃዝ ሲጻፍ ፵፪፼፺፬፻፺፮፼፸፪፻፺፯ ይሆናል። በዚህ አጻጻፍ ከምልክቶቹ ሁሉ የሚበልጠው ፼ ነው፤ እርሱም እልፍ፥ ማለት አሥር ሺህ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ከቀኝ ወደ ግራ አራት አራት አኃዝ እየሆነ 42፥ 9496፥ 7297 ተብሎ ይከፈላል። የፊተኛው 42 እልፍ ጊዜ እልፍ፥ መካከለኛው 9,496 እልፍ፥ የመጨረሻው 7,297 ነው። ፈረንጆች ግን ሦስት ሦስት አኃዝ እየቆረጡ 4 ቢሊዮን ከ294 ሚሊዮን ከ967 ሺህ ከ297 ይሉታል። ለጽሕፈት የግዕዙ አኃዝ ያምራል፤ ነገር ግን ዜሮ የሌለው አኃዝ ለማባዛትና ለማካፈል ስለማይመች፥ ከዚህ በታች ያለውን ሒሳብ በተለመደው አኃዝ እንሠራዋለን።

እንግዲህ ወደ ጠባዩ እንግባ። ብቸኛ ቁጥር የምንለው ከ1ና ከራሱ በቀር ሌላ ቁጥር ያለ ቀሪ የማያካፍለውን ነው። 2፥ 3፥ 5፥ 7፥ 11፥ 13 ብቸኞች ናቸው። 15 ግን 3 ጊዜ 5 ነውና ብቸኛ አይደለም፤ እንደዚህ ያለውን ተከፋይ ቁጥር እንለዋለን። አንድ ቁጥር ብቸኛ መሆኑን ለማወቅ በትንንሾቹ ብቸኛ ቁጥሮች በተራ ማካፈል ነው፤ ሆኖም ሁሉን መሞከር አያስፈልግም። ለምሳሌ 97ን በ2፥ በ3፥ በ5፥ በ7 አካፍለን ሁልጊዜ ቀሪ ከተገኘ፥ ሥራው አልቋል። የሚቀጥለው 11 ነው፤ 11 ጊዜ 11 ግን 121 ሆኖ ከ97 ይበልጣል። ሁለት ቁጥሮች ተባዝተው 97ን የሚሰጡ ቢሆኑ ኖሮ፥ ከሁለቱ አንዱ ከ11 ማነሱ ግድ ነበር፤ እርሱንም ቀድመን ባገኘነው ነበር።

በዚሁ መንገድ 4,294,967,297ን ለመመርመር ከ65,536 በታች ባሉት ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ መሞከር ያስፈልጋል። እነርሱም 6,542 ናቸው። አንዱን ማካፈል 5 ደቂቃ ቢፈጅ፥ በቀን 8 ሰዓት ለሚሠራ ሰው 68 ቀን ያህል ይሆናል። ይህን ያህል ድካም እንዳለበት ካላስተዋልን፥ ከዚህ በኋላ ስሙን የምናነሣውን ሊቅ ያለ አግባብ እንነቅፈዋለን።

ይህ ሊቅ ፒዬር ደ ፌርማ ይባላል። በፈረንሳይ አገር በቱሉዝ ከተማ በከፍተኛው ፍርድ ቤት ተቀምጦ ነገር የሚሰማ ዳኛ ነበር፤ የቁጥርን ምርመራ የሚሠራው ከዳኝነቱ በሚተርፈው ጊዜ ነው። ነገር ግን በዘመኑ በዚህ ዕውቀት የሚተካከለው ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። እርሱም ከ2 ተነሥቶ፥ እያንዳንዱን ቁጥር በራሱ እያባዛ፥ 2፥ 4፥ 16፥ 256፥ 65,536 የሚሉትን አገኘ። በእያንዳንዱም ላይ 1 ቢጨምር 3፥ 5፥ 17፥ 257፥ 65,537 ሆኑለት። እነዚህ አምስቱም ብቸኞች ናቸው። የሚቀጥለው፥ ማለት 65,536 በራሱ ተባዝቶ 1 ሲጨመርበት፥ 4,294,967,297 ነው። በ1640 ዓ.ም. ፌርማ ፍሬኒክል ለተባለ ወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ፥ በዚህ መንገድ የሚወለዱት ቁጥሮች ሁሉ ማለቂያ በሌለው ተራ ብቸኞች እንደ ሆኑ ማመኑን ገለጠ። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስታውስ። ፌርማ በዚያ ጊዜ ማስረጃ እንዳላገኘለት አልሸሸገም፤ እምነቱ ግን ጽኑ ነበር፤ እርሱ ካመነም ሌላው ተከተለ።

በአገራችን በሸንጎ ሁለት ሦስት የታመኑ ምስክሮች ቃላቸው አንድ ከሆነ ነገሩ ይጸናል። ይህም ተገቢ ነው፤ ሰው በሰው መካከል ሲፈርድ ከዚህ የበለጠ ሊያገኝ አይችልምና። ዳኛው ፌርማም አምስት ምስክሮች አቆመ፤ አምስቱም አንድ ቃል ተናገሩ። በቁጥር ጉባኤ ግን ሕጉ ሌላ ነው። ለሁሉ ይሆናል ለተባለ ነገር ሺህ ምስክር ቢቆም ሺህ አንደኛው ሊያፈርሰው ይችላል፤ አንድ ተቃዋሚ ብቻ ከተገኘም ሺሁ ሁሉ ከንቱ ይሆናሉ።

ለዚህ ነገር አንድ ሌላ ምሳሌ እንጨምር፤ ለልጆች ከፌርማው ይቀላልና። 41ን ጻፉ። በእርሱ ላይ 2 ጨምሩ፥ 43 ይሆናል። በዚያ ላይ 4 ጨምሩ፥ 47፤ ከዚያ 6፥ 53፤ ከዚያ 8፥ 61። እንዲህ የሚጨመረው በ2 እያደገ ሲሄድ የሚገኙት ቁጥሮች ሁሉ ብቸኞች ናቸው፤ ልጆቹም ከአሥር በኋላ ሁሉም እንዲሁ ነው ብለው መዝጋት ይጀምራሉ። ተዉአቸው ይቀጥሉ። ከ41 እስከ 1,601 ድረስ 40 ቁጥሮች ሳይደናቀፉ ብቸኞች ይሆናሉ። አርባ አንደኛው 1,681 ነው፤ እርሱም 41 ጊዜ 41 ነው።

ፌርማ በ1665 ዓ.ም. ሞተ፤ ነገሩም እንደ ታመነ ቆየ። በ1729 ዓ.ም. መጨረሻ ክርስቲያን ጎልድባኽ የተባለ ሰው በመስኮብ አገር በፒተርስበርግ አካዳሚ ይሠራ ለነበረው ለሌዎንሃርድ ኦይለር ደብዳቤ ጽፎ፥ በደብዳቤው ግርጌ ፌርማ ስለነዚህ ቁጥሮች ያለውን ታውቃለህን ብሎ ጠየቀው። ኦይለር በስዊስ አገር በባዝል ከተማ በ1707 ዓ.ም. የተወለደ ነው። መጀመሪያ ጥያቄውን እምብዛም አላከበረውም፤ ኋላ ግን ልቡ ተያዘበት። በ1732 ዓ.ም. 4,294,967,297 በ641 ያለ ቀሪ እንደሚካፈል ለአካዳሚው አስታወቀ።

አሁን ይህን በሰሌዳ ላይ እናድርገው። አሥር አኃዝ ያለውን ቁጥር በረጅሙ ማካፈል ይቻላል፤ ግን ከዚያ የሚያጥርና የሚያስደስት መንገድ አለ። መንገዱ የተመሠረተው በዚህ ነው፤ ቀሪን ብቻ የምንፈልግ እንደ ሆነ፥ ቁጥሩን አንሥተን በስፍራው ቀሪውን ብናኖር አይጎዳም። ለምሳሌ 10 በ7 ሲካፈል ቀሪው 3 ነው። 10 ጊዜ 10 መቶ ነው፤ መቶ በ7 ሲካፈል ቀሪው 2 ነው። 3 ጊዜ 3ስ? 9 ነው፤ እርሱም በ7 ሲካፈል ቀሪው ያው 2 ነው። ምክንያቱም 10 ማለት አንድ 7ና 3 ስለ ሆነ፥ በራሱ ሲባዛ 7 የገባበት ክፍል ሁሉ በ7 ተካፍሎ ያልቃል፤ የሚተርፈው 3 ጊዜ 3 ብቻ ነው።

ይህን ይዘን ወደ 641 እንምጣ። ከ2 ጀምረን በራሱ እያባዛን 4፥ 16፥ 256፥ 65,536 እንላለን። 65,536ን በ641 ብናካፍል ድርሻው 102 ይሆናል፤ 641 ጊዜ 102 ማለት 65,382 ነውና ቀሪው 154 ነው። እንግዲህ 65,536ን ትተን 154ን በራሱ እናባዛ፤ 23,716 ይሆናል። ይህንንም በ641 ብናካፍል ድርሻው 36፥ ተባዝቶ 23,076፥ ቀሪው 640 ነው። ስለዚህ 4,294,967,296 በ641 ሲካፈል 640 ይተርፈዋል። ቁጥራችን ከዚህ በ1 ይበልጣል፤ 640ና 1 ደግሞ 641 ነው፤ ስለዚህ ምንም አይተርፍም። ሁለት ትንንሽ ማባዛትና ሁለት ትንንሽ ማካፈል የ92 ዓመት እምነት አፈረሱ።

ድርሻው 6,700,417 ነው። ይህንንም በማባዛት መልሰን እንፈትነው። 6,700,417 ጊዜ 600 ብንል 4,020,250,200፤ ጊዜ 40 ብንል 268,016,680፤ ጊዜ 1 ብንል ራሱ። ሦስቱ ሲደመሩ 4,294,967,297 ይሆናሉ።

ብዙ መምህራን ማባዛትን በዘጠኝ መመርመር ይወዳሉ፤ እኛም እናድርገው። የ641 አኃዞች ሲደመሩ 11፥ እንደ ገናም 2 ይሆናሉ። የ6,700,417 አኃዞች 25፥ እንደ ገናም 7። 2 ጊዜ 7 አሥራ አራት፥ እንደ ገናም 5። የ4,294,967,297 አኃዞች 59፥ ከዚያ 14፥ ከዚያ 5። ተስማሙ። ነገር ግን በዚህ ምርመራ ላይ ብዙ እምነት አትጣሉ። የዚህ ጽሑፍ ጸሐፊ መጀመሪያ ሲገለብጥ የመጨረሻዎቹን አኃዞች 297 በማለት ፈንታ 279 ብሎ ጽፎ ነበር፤ በዘጠኝ ቢመረምረውም ደኅና ነው አለው፤ አኃዞቹ ቦታ ቢለዋወጡ ድምራቸው አይለወጥምና። ስሕተቱ የተያዘው ማባዛቱ ሁለተኛ ጊዜ በተሠራ ጊዜ ነው።

አሁን ኦይለር 641ን እንዴት አገኘው የሚለው ቀረ። በብቸኛ ቁጥሮች በተራ ቢሞክር 641 በተራው 116ኛ ስለ ሆነ፥ 115 ጊዜ በከንቱ ማካፈል ነበረበት። እርሱ ግን አካፋዩ ሊገኝ የሚችልበትን ስፍራ አስቀድሞ አጠበበ። በ1732 ምክንያቱን አልጻፈም፤ ከ15 ዓመት ያህል በኋላ በሌላ ጽሑፍ ገለጠው። ነገሩ ጥቂት ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ቢሆንም ከዚህ ሁሉ የሚጣፍጠው ክፍል ይህ ነውና ሳናልፈው እንቈይበት።

በ17 እንጀምር። 2ን እጥፍ እያደረግን፥ ከ17 በበለጠ ጊዜ 17 እየቀነስን የሚተርፈውን ብንጽፍ፥ 2፥ 4፥ 8፥ 16፥ 15፥ 13፥ 9፥ 1 ይሆናል። ከ1 በኋላ እንደ ገና 2 ይመጣል፤ ስለዚህ ቀሪዎቹ በ8 እርምጃ እንደ መንኰራኵር ዞረው ወደ መጀመሪያቸው ይመለሳሉ። በመንኰራኵሩ እኩሌታ፥ በ4ኛው እርምጃ፥ የሚገኘው 16 ነው፤ ይኸውም ለ17 አንድ የጎደለው ማለት ነው። በሌላ ጎዶሎ ብቸኛ ቁጥርም ብትሞክሩ መንኰራኵር ታገኛላችሁ፤ ርዝመቱ ግን ይለያያል። በርዝመቱ ላይ የሚገዛ አንድ ሕግ አለ፤ ከብቸኛው ቁጥር 1 ቀንሰን የሚገኘውን ያህል እርምጃ ብንሄድ፥ ቀሪው ምንጊዜም 1 ነው። በ17 ይህ 16 እርምጃ ነው፤ ባለ 8ቱ መንኰራኵር ሁለት ጊዜ ዞሮ በእርግጥ በ1 ላይ ይቆማል። እንግዲህ የመንኰራኵሩ ርዝመት ከብቸኛው ቁጥር 1 ተቀንሶ የሚቀረውን ያለ ቀሪ ማካፈል አለበት።

አሁን 4,294,967,297ን ያለ ቀሪ የሚያካፍል ብቸኛ ቁጥር አለ እንበል። 4,294,967,296 የ32 እርምጃ እጥፍ ስለ ሆነ፥ በዚያ ብቸኛ ቁጥር መንኰራኵር ላይ በ32ኛው እርምጃ የሚገኘው አንድ የጎደለው ነው። በ64ኛው እርምጃ ያ አንድ የጎደለው በራሱ ይባዛልና ቀሪው 1 ይሆናል፤ ለ7 አንድ የጎደለው 6 በራሱ ተባዝቶ 36 ሲሆን፥ በ7 ተካፍሎ 1 እንደሚተርፈው ማለት ነው። ስለዚህ መንኰራኵሩ በ64 ይዞራል። ከ64 ሊያጥር ይችላልን? ቢያጥር ርዝመቱ 64ን ያለ ቀሪ ከሚያካፍሉት ከ32፥ ከ16፥ ከ8ና ከመሳሰሉት አንዱ በሆነ ነበር፤ እነዚህም ሁሉ 32ን ያካፍላሉና በ32ኛው እርምጃ 1 በተገኘ ነበር። በዚያ የተገኘው ግን አንድ የጎደለው ነው። እንግዲህ ርዝመቱ ልክ 64 ነው፤ ከብቸኛው ቁጥር 1 ሲቀነስም በ64 መካፈል አለበት።

ከዚህ በኋላ ሥራው የአንድ ጧት ሥራ ነው። 64 እየጨመርን 65፥ 129፥ 193፥ 257፥ 321፥ 385፥ 449፥ 513፥ 577፥ 641 እንላለን። ከእነዚህ ተከፋዮቹን ብንጥል የሚቀሩት 193፥ 257፥ 449፥ 577፥ 641 ናቸው። ቁጥራችን በእነዚህ በተራ ሲካፈል ቀሪው 109፥ 2፥ 325፥ 288፥ በመጨረሻም ባዶ ነው። ከ6,542 ማካፈል ወደ 5 ማካፈል ወረደ ማለት ነው። በ1878 ዓ.ም. ኤዱአር ሉካ የተባለ ፈረንሳዊ 64ን ወደ 128 ከፍ ማድረግ እንደሚቻል ስላሳየ፥ ዛሬ መሞከር የሚያስፈልገው በ257ና በ641 ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ልብን የሚነካው ነገር ይህ ነው። በመንኰራኵሩ ርዝመት ላይ የሚገዛውን ሕግ ያወጣው ፌርማ ራሱ ነው። በዚያው በ1640 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ለዚያው ለፍሬኒክል ጽፎለታል። ከዚህም በላይ በዚያው ዓመት፥ 2ን 37 ጊዜ አባዝቶ 1 በመቀነስ የሚገኘው 137,438,953,471 የተባለው ቁጥር በ223 እንደሚካፈል ያገኘው በዚሁ ዓይነት ዘዴ አካፋዩን አስቀድሞ በማጥበብ ነው። ቁልፉ በእጁ ነበረ፤ በሩም አምስት እርምጃ ብቻ ይርቀው ነበር። ሞክሮ በማካፈል ላይ አንድ አኃዝ ስቶ ይሆናል ብሎ መገመት ይቻላል፤ ወይም አምስቱ ምስክሮች ልቡን አሳርፈውት ይሆናል። ከሁለቱ የቱ እንደ ሆነ ከእርሱ ጋር ተቀብሯል።

የቀረው ድርሻ፥ 6,700,417፥ ብቸኛ ነው። ይህንንም በሉካ መንገድ በግማሽ ሰዓት ማረጋገጥ ይቻላል። 2,589 በራሱ ሲባዛ ከእርሱ ስለሚበልጥ፥ ከዚያ በታች ያሉትን 128 እየጨመሩ የሚገኙትን ብቸኛ ቁጥሮች መሞከር ይበቃል፤ እነርሱም 257፥ 641፥ 769፥ 1,153፥ 1,409 ናቸው። ቀሪዎቹ በተራ 170፥ 44፥ 120፥ 334፥ 622 ስለ ሆኑ አንዱም አያካፍለውም።

ከቁጥራችን በ2 የሚያንሰው ጎረቤቱ 4,294,967,295 ደግሞ የሚያስደንቅ ጠባይ አለው። ማንኛውም ቁጥር በራሱ ተባዝቶ 1 ሲቀነስለት፥ ከቁጥሩ በ1 የሚያንሰው በ1 ከሚበልጠው ጋር ተባዝቶ ከሚሰጠው ጋር እኩል ነው። ስለዚህ 4,294,967,295 ማለት 65,535 ጊዜ 65,537 ነው። 65,535 ደግሞ 255 ጊዜ 257፥ 255ም 15 ጊዜ 17፥ 15ም 3 ጊዜ 5 ነው። እነሆ የፌርማ አምስቱ ብቸኞች ሁሉ ተባዝተው ጎረቤቱን ሠሩት። ስለዚህም ቁጥራችን ከአምስቱ በአንዳቸው ቢካፈል ምንጊዜም 2 ይተርፈዋል፤ በ257 ሲካፈል 2 የተረፈው በዚህ ምክንያት ነው።

በ1796 ዓ.ም. ካርል ፍሪድሪኽ ጋውስ የተባለ የ18 ዓመት ጀርመናዊ፥ 17 እኩል ጎንና እኩል ማዕዘን ያለውን ቅርጽ በማስመሪያና በኮምፓስ ብቻ መሥራት እንደሚቻል አገኘ። በ1801 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍም የፌርማ ብቸኞች የሆኑት፥ ወይም የተለያዩት ተባዝተው የሚገኙት ቁጥሮች ያህል ጎን ያለው ቅርጽ ሁሉ እንዲሁ ሊሠራ እንደሚችል አሳየ፤ ከእነዚህና ከእነርሱ እጥፎች ሌላ፥ በተራ እጥፍ ከሚገኙት ከ4፥ ከ8፥ ከ16ና ከመሳሰሉትም ሌላ የሚሠራ እንደሌለ ደግሞ ፒዬር ዋንፀል በ1837 አረጋገጠ። በታወቁት አምስት ብቸኞች 31 ጎዶሎ ቁጥሮች ይገኛሉ፤ ትንሹ 3፥ ትልቁ ይህ 4,294,967,295 ነው። 4,294,967,297 ብቸኛ ቢሆን ኖሮ እርሱም ከእነዚህ በተቈጠረ ነበር፤ 641 ግን አስቀረው። መካከለኛው 4,294,967,296 ዛሬ በኮምፒውተር ሥራ በየቀኑ የሚነሣ ነው፤ 32 ስፍራዎች እያንዳንዳቸው 0 ወይም 1 ሲጻፍባቸው ሊገኙ የሚችሉት ልዩ ልዩ ጽሕፈቶች ይህን ያህል ናቸው።

ከቁጥራችን በኋላ የሚመጣው የፌርማ ቁጥር 18,446,744,073,709,551,617 ነው። እርሱንም በ1880 ዓ.ም. ፎርቱኔ ላንድሪ የተባለ የ82 ዓመት ፈረንሳዊ ሽማግሌ 274,177 ጊዜ 67,280,421,310,721 መሆኑን አሳየ። የሽማግሌውን ሥራ በዚያው ሰሌዳ ላይ ለመፈተን የፈለገ መምህር እንዲህ ያድርግ። 274,177ን በ15,665 ቢያባዛ 4,294,982,705 ይሆናል፤ 4,294,967,296 ከዚህ በ15,409 ያንሳል። የጎደለው በራሱ ሲባዛ እንደ ተረፈው ስለሚሠራ፥ 15,409ን በራሱ ያባዛ፤ 237,437,281 ያገኛል። 1 ይጨምርበት፤ ከዚያም በ274,177 ያካፍል። ድርሻው 866 ይሆናል፤ ቀሪውን ግን ራሱ ይይ።

ከ65,537 በኋላ በዚህ ተራ አንድ ብቸኛ ስንኳ አልተገኘም። 2 በራሱ እየተባዛ ከ5 ጊዜ ጀምሮ እስከ 32 ጊዜ ድረስ የሚገኙት፥ 1 ሲጨመርባቸው ሁሉም ተከፋዮች መሆናቸው ታውቋል። ከእነርሱ የ20ኛውና የ24ኛው ነገር እንግዳ ነው፤ ተከፋዮች መሆናቸው በማስረጃ ጸንቷል፥ አንድ አካፋያቸው ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ ቤቱ መሰረቁ ታውቆ ሌባው እንዳልተያዘ ያለ ነው። 33 ጊዜ ሲሆን የሚገኘው ቁጥር ከ2 ቢሊዮን ተኩል በላይ አኃዝ አለው። እርሱ ብቸኛ ይሁን ተከፋይ ይሁን ገና ማንም አላወቀም።